እሳት ካላገኘ የሚጠፋ ተክል፦ ከዋሽንግተን እስከ ግሪን ስዋምፕ የተደረገ የጉዞ ማስታወሻ

ቀን 1፦ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ዊልሚንግተን

ከዋሽንግተን አካባቢ ተነስቶ ሰሜን ካሮላይና ጠረፍ ለመድረስ ስድስት ሰዓት ያህል ይነዳል። ኢንተርስቴት 95ን ይዞ ወደ ደቡብ መውረድ፣ ቤንሰን የምትባለው ከተማ አጠገብ ወደ ኢንተርስቴት 40 መታጠፍ፣ ከዚያ አውራ ጎዳናው ዊልሚንግተን ላይ እስኪያልቅ መሄድ ነው። የሚከብደው መነሻው ነው፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የወጣ ሰው ፍሬድሪክስበርግን ሳያልፍ ቀኑ ይመሽበታል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የተነሳ ግን ለምሳ ይደርሳል። በዚህ ማስታወሻ ሰዓቱ በአገር ቤት፣ ዓመተ ምሕረቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዊልሚንግተን የተመረጠችው ቬነስ ፍላይትራፕ በዙሪያዋ ስለሚገኝ ነው። ዝንብና ጉንዳን እያጠመደ የሚመገበው ይህ ተክል በየቤቱ መስኮት ላይ በመላው ዓለም ይታያል፤ የትውልድ ምድሩ ግን ከዚህች ከተማ በየአቅጣጫው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚደርስ ክልል አይወጣም። አብዛኛው ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ነው፤ ጥቂቱ ብቻ ወደ ደቡብ ካሮላይና ይሻገራል። የሰሜን ካሮላይና ቅኝ ግዛት ገዥ የነበረው አርተር ዶብስ ስለ ተክሉ በደብዳቤ የጻፈው በ1759 ነው። ዛሬ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ «ለአደጋ የተጋለጠ» ተብሎ ተመድቧል። ብቻውን አይደለም፤ በ2020 የታተመ ሰፊ ግምገማ እንዳመለከተው፣ በዓለም ከሚታወቁት 860 ገደማ ነፍሳት በል ዕፅዋት ሩቡ ያህሉ የመጥፋት ሥጋት አለበት።

ወቅቱን መምረጥ ከመንገዱ ይበልጣል። ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን አጋማሽ፣ ማለትም ግንቦት ውስጥና እስከ ሰኔ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ፍላይትራፑ ነጭ አበባውን ያወጣል፤ ሳራሴኒያ የሚባሉት፣ ቅጠላቸው እንስራ የሚመስል ነፍሳት በል ዕፅዋትም ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ከጁላይ በኋላ ሙቀቱና ወበቁ ያደክማል። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ የአየር ትንበያን ማየት ግድ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከተማው ውስጥ ያለውን የስታንሊ ሬደር የነፍሳት በል ዕፅዋት ስፍራ ማየት ይበቃል። መግቢያ አይከፈልበትም፤ ትንሽ ናት። ጥቅሟ ዓይንን ማለማመድ ነው። ፍላይትራፕን በሥዕል ብቻ የሚያውቅ ሰው ተክሉ ትልቅ ይመስለዋል፤ በእውነቱ መሬት ላይ የተዘረጋው ቅጠል ከዳር እስከ ዳር ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ወጥመዱ ራሱ ከሦስት ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። እዚህ ያልለየ ሰው ነገ ሜዳ ላይ ረግጦት ያልፋል።

ለነገ የሚዘጋጀው፦ ውኃ የማያስገባና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቦት፣ ካልሲ ውስጥ የሚገባ ረጅም ሱሪ፣ ፐርሜትሪን የተባለ ተባይ ማጥፊያ የተረጨበት ልብስ (መዥገሩ ብዙ ነው)፣ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውኃ፣ ጉልበት ስር የሚነጠፍ ወፍራም ላስቲክ፣ አጉሊ መነጽር። ፐርሜትሪን ልብስ ላይ እንጂ ቆዳ ላይ አይቀባም፤ ከተረጨ በኋላ ሙሉ በሙሉ መድረቅ ስላለበት ማታውኑ መሠራት አለበት።

ቀን 2፦ ግሪን ስዋምፕ

ከዊልሚንግተን በመንገድ 17 ወደ ደቡብ ሲወረድ ሰፕላይ የምትባል መንደር ትገኛለች። ከእሷ ወደ ሰሜን በመንገድ 211 አምስት ማይል ተኩል ያህል ሲኬድ በስተቀኝ ትንሽ የመኪና ማቆሚያ አለ። ምልክቱ በቀላሉ ስለሚታለፍ ኦዶሜትሩን ማየት ይሻላል። መጸዳጃ ቤትም ሆነ ውኃ የለም፣ የስልክ ኔትወርኩም ደካማ ነው። ካርታውን አስቀድሞ ማውረድ ያስፈልጋል።

ቦታው ዘ ኔቸር ኮንሰርቫንሲ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ጥብቅ ይዞታ ነው፤ ስፋቱ 17 ሺህ ኤከር ያህል ይሆናል። መሠረቱ የተጣለው ፌዴራል ፔፐር ቦርድ የተባለው የወረቀት ኩባንያ በ1977 ከ13 ሺህ ኤከር በላይ በስጦታ ሲሰጥ ነው። ቢያንስ 14 ዓይነት ነፍሳት በል ዕፅዋት ይበቅሉበታል።

መንገዱ መጀመሪያ ላይ አሸዋ ነው፤ ቀጥሎ ፖኮሲን የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይመጣል። ፖኮሲን ማለት ለዘመናት በተጠራቀመ፣ በግማሽ በበሰበሰ የተክል ቅሪት ላይ የቆመ ረግረግ ነው። ጨለም ያለ፣ ዙሪያ ገባው የማይታይ ስፍራ ነው፤ በአጭር የእንጨት መተላለፊያ ይታለፋል። ከዚያ በድንገት ሰማዩ ይከፈትና ሜዳ ላይ ትወጣላችሁ፤ ሎንግሊፍ የሚባሉት ረጃጅም ጥዶች ተራርቀው የቆሙበት፣ ስሩን ዋየርግራስ የተባለው ቀጭን ሣር የሞላው ሜዳ። አንዳንዶቹ ጥዶች ወገባቸው ላይ ነጭ ቀለም ተቀብተዋል፤ በሕይወት ያለ ጥድ ፈልፍሎ ጎጆ የሚሠራው ቀይ ምልክት ያለው ግንደ ቆርቁር ስላለባቸው ነው። ወደ እነሱ መጠጋት፣ በተለይ ጫጩት በሚያሳድግበት በዚህ ወቅት፣ ተገቢ አይደለም።

ፍላይትራፕን ለማግኘት መሃል ሜዳ ላይ መፈለግ ድካም ነው። ደረቁ ሣር አልቆ ቁጥቋጦው ሊጀምር ሲል ያለውን ጠባብ ጠርዝ መከተል ነው። ከዚያ ሁለት ሜትር ወደ ላይ ቢኬድ መሬቱ ይደርቅበታል፣ ሁለት ሜትር ወደ ታች ቢኬድ ጥላው ይገድለዋል። በከፍታ ሲለካ ልዩነቱ ጥቂት አሥር ሳንቲ ሜትር ነው። አፈሩን በጣት ነካ አድርጎ ማየት ይቻላል፦ ጥቁር፣ እርጥብ፣ አሸዋ የተቀላቀለበት፣ ኮምጣጣ። ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የለውም ማለት ይቀላል። ተክሉ ነፍሳትን የሚያድነው ከአፈሩ ያጣውን ለማግኘት ነው፤ ጉልበት የሚሆነውን ስኳር ግን እንደማንኛውም ተክል ከፀሐይ ይሠራል። ጥላ የሚገድለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወጥመዱ በእያንዳንዱ ክንፍ ውስጠኛ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ፀጉሮች አሉት። አንድ ጊዜ ሲነካ አይዘጋም፤ በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለተኛ ንክኪ ሲመጣ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ይገጥማል። የዝናብ ጠብታ ወይም የወደቀ ሣር እንዳያሞኘው ነው። ጎብኚ በስንጥር እየነካ ሲያዘጋው ግን ተክሉ ይሞኛል፤ ባዶውን ዘግቶ መልሶ ለመክፈት አንድ ቀን ያህል ይፈጅበታል። አንድ ወጥመድ በዕድሜው ሊዘጋ የሚችለው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ በደሃ አፈር ላይ ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው። አትንኩ። መዘጋቱን ማየት የሚፈልግ ሰው ላስቲኩን አንጥፎ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፤ ጉንዳንና ሸረሪት አይጠፋም።

ፍላይትራፑ ባለበት ሌሎቹም አሉ። ሳራሴኒያ ፍላቫ ቢጫ አረንጓዴ እንስራውን እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ያቆማል፤ ነፍሳቱ በከንፈሩ ማር ተስበው ውስጡ ይወድቃሉ። ሳራሴኒያ ፑርፑሬያ መሬት ላይ ተኝታ አፏን ለዝናብ ትከፍታለች። በውስጧ በሚጠራቀመው ውኃ ብቻ እንጂ በሌላ ቦታ የማያድግ የትንኝ እጭ ስላለ፣ እሷ ከጠፋችበት ቦታ እሱም ይጠፋል። ድሮሴራ የምትባለው ቀይ ተክል ቅጠሏ ላይ የሚያጣብቅ ጠብታ ታንጠለጥላለች፤ አንድ ብር የሚያህል ስፋት ስለሌላት የምትገኘው በጉልበት ተንበርክኮ ነው። እርጥብ አሸዋ ላይ በክር ቀጭን ግንድ ብቅ ያለች ቢጫ አበባ ካያችሁ ዩትሪኩላሪያ ናት፤ ወጥመዶቿ አፈሩ ውስጥ የተቀበሩ ጥቃቅን ከረጢቶች ናቸው። የዚህችኛዋ ዘመዶች በኢትዮጵያም ረግረጎች ይበቅላሉ፤ በአብዛኛው ግን ማንም ልብ አይላቸውም።

የዚህ ሁሉ ዋስ እሳት ነው። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እሳት ካላለፈበት ቁጥቋጦው ከፖኮሲኑ እየወጣ ጠርዙን ይሸፍናል፤ ሣሩ ተደራርቦ መሬቱን ያለብሳል፤ ፍላይትራፑም እየቀጨጨ፣ አበባ ማውጣት እያቆመ ይሄዳል። እሳት ሲያልፍ ከላይ ያለው ቅጠል ይቃጠላል፤ ሥሩ ግን መሬት ውስጥ ስለሆነ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። ባዶ የቀረው ጥቁር መሬትም ለዘሩ ምቹ መኝታ ይሆናል። ድሮ እሳቱን መብረቅና የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች ይለኩሱ ነበር። ዛሬ ንፋሱን፣ የአየሩን እርጥበትና የመሬቱን ርጥበት ለክቶ የሚለኩሰው የሠለጠነ ቡድን ነው። ግንዱ የጠቆረ ጥድና ገና የተቃጠለ ሜዳ ያየ ጎብኚ ጥፋት አየሁ ብሎ ማዘን የለበትም፤ በዓመቱ ቢመለስ አበባው የሚበዛው እዚያው ነው።

እሳቱ ግን የራሱ አደጋ አለው። በጁን 2023 በዚሁ በግሪን ስዋምፕ አካባቢ ታቅዶ የተለኮሰ ቃጠሎ ከቁጥጥር ወጥቶ ከ15 ሺህ ኤከር በላይ አዳርሷል። መሬቱ ራሱ በድርቅ ጊዜ የሚነድ የተክል ቅሪት ስለሆነ፣ ከላይ የጠፋ እሳት ከስር ለሳምንታት ሊጤስ ይችላል። ሌላም ስውር ጉዳት አለ፦ እሳት ለማስቆም በትራክተር የሚታረሰው መስመር ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በሜዳውና በቁጥቋጦው መሃል፣ ማለትም በትክክል ፍላይትራፑ በቆመበት ጠርዝ ላይ ነው። ይነቅለዋል፤ የውኃውንም መንገድ ይቀይረዋል። የሚያውቁ አስተዳዳሪዎች መስመሩን ወደ ደረቁ ክፍል ያርቁታል፣ ወይም ሣሩን አጭደው በውኃ ያርሱታል።

ሲኬድ በነጠላ ሰልፍ፣ በተረገጠው ዱካ ላይ ብቻ ይሁን። የፍላይትራፕ ዘር ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም፤ ከዘሩ የወጣው ችግኝም ሚሊ ሜትሮች ብቻ ነው። ለማበብ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጅበታል። ለፎቶ ሲባል አንድ ጊዜ ወደ ጎን የተረገጠ ቦታ የአምስት ዓመት ተክል ሊያጠፋ ይችላል።

ቀን 3፦ ካሮላይና ቢች

ከዊልሚንግተን በመንገድ 421 ወደ ደቡብ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በካሮላይና ቢች ስቴት ፓርክ ውስጥ ያለው የፍላይትራፕ መሄጃ ግማሽ ማይል የሚሆን ዙር ስለሆነ ልጆችና ሽማግሌዎችም ይችሉታል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ቢደረስ ይመረጣል፤ የባሕሩ ሰው ሲመጣ መኪና ማቆሚያው ይሞላል።

ቀላልነቱ ግን ለሌባም ነው። ፍላይትራፕ በማንኪያ ይነቀላል፤ አንድ ሰው በአንድ ሌሊት መቶዎችን በከረጢት ሊሞላ ይችላል። በጃንዋሪ 2015 ሆሊ ሼልተር ከሚባለው የአደን ክልል 970 ተክል የሰረቁ አራት ሰዎች ተከሰዋል። ከዚያ በፊት ቅጣቱ ቀላል ስለነበረ ሌባው እንደ ወጪ ቆጥሮት ይከፍልና ይመለስ ነበር። ከዲሴምበር 1 ቀን 2014 ጀምሮ ግን ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ ተክሉን ነቅሎ መውሰድ በሰሜን ካሮላይና ከባድ ወንጀል ሆኗል፤ ዘሩን መልቀምም እንዲሁ። «ዘሩ ምን ይጎዳል» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ስርቆቱ ከቁጥሩም በላይ ይጎዳል። ሌባው የሚመርጠው ትልቁን፣ የሚያብበውን ነው። አበባው ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ አገዳ ላይ ይወጣል፤ ከወጥመዱ ራቅ ብሎ ማለት ነው። በ2018 የታተመ ጥናት አበባውን የሚያራቡት በዋናነት አንዲት አረንጓዴ ትንሽ ንብና ሁለት ዓይነት ጥንዚዛዎች እንደሆኑና፣ እነዚህ ወጥመድ ውስጥ የሚገኙት እምብዛም እንዳልሆነ አሳይቷል። የሚያብቡት ተነቅለው የቀሩት ተራርቀው ሲቆሙ ንቧም አትመላለስም፣ ዘሩም ያንሳል። በየቦታው ትንንሽ ሆነው የቀሩ ስብስቦች ማንም ሳይነካቸው የሚመናመኑበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ለፎቶ አንሺዎች፦ ስልካችሁ በምስሉ ውስጥ ቦታውን ይመዘግባል። ከማጋራታችሁ በፊት ከካሜራው ማስተካከያ ላይ ማጥፋት ወይም የምስሉን መረጃ መሰረዝ ያስፈልጋል። አይናቹራሊስት የመሳሰሉ፣ ሰዎች ያዩትን ዕፅዋትና እንስሳት የሚመዘግቡባቸው መድረኮች ለአደጋ የተጋለጠ ዝርያን ቦታ ራሳቸው ያደበዝዛሉ፤ ፌስቡክ ላይ «እዚህ መታጠፊያው ጋ» ብሎ የተጻፈውን ግን የሚያደበዝዝ የለም። እዚህ ማስታወሻ ላይ የተጠቀሱትም ለሕዝብ ክፍት የሆኑና የሚጠበቁ ቦታዎች ብቻ ናቸው።

ቀን 4፦ ሆሊ ሼልተርና ክሮአታን

ወደ ሰሜን በመንገድ 17 ሲወጣ ሃምፕስቴድ አጠገብ የሆሊ ሼልተር የአደን ክልል ይጀምራል። ሰፊ፣ ረጅም የአሸዋ መንገዶች ያሉት ቦታ ነው። የአደን ወቅት ከሆነ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ሳይለብሱ አይገባም። ዝቅ ያለ ተሽከርካሪ ከዝናብ በኋላ አሸዋው ላይ ይቀራል። የፊት ለፊቱን አጭር የእግር መንገድ መምረጥ ለመኪናም ለሰውም ይሻላል።

በዚህ መንገድ ላይ መታየት ያለበት ግን ጫካው ብቻ አይደለም። ከግራም ከቀኝም አዳዲስ የቤት ሠፈሮች እየተሠሩ ነው፤ የጠረፉ ወረዳዎች ሕዝባቸው በፍጥነት ከሚያድግባቸው የአሜሪካ አካባቢዎች ናቸው። ቤቱ የሚሠራበት መሬት ላይ ያለው ተክል በቀጥታ ይጠፋል። በግል መሬት ላይ ያለ ተክል የባለመሬቱ ስለሆነ፣ ሊገነባ የሚፈልግ ባለቤት ዶዘር ቢያስገባ የሚከለክለው የለም። ከዚህ የሚብሰው አጥር ማዶ የሚሆነው ነው። ሠፈሩ ከተሠራ በኋላ ከጎኑ ያለውን ጥብቅ ቦታ ማቃጠል ይከብዳል። ጢሱ አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል፣ አውራ ጎዳና ላይ ሲወርድ አደጋ ያመጣል፣ ስለዚህ ለመለኮስ ምቹ የሆኑት ቀናት በዓመት ውስጥ እያነሱ ይሄዳሉ። የቃጠሎው ዓመት ከሦስት ወደ ስድስት፣ ከስድስት ወደ አሥር ሲራዘም፣ በካርታ ላይ «የተጠበቀ» ተብሎ አረንጓዴ የተቀባው መሬት ውስጡ ቁጥቋጦ ይሆናል። አጥር ብቻውን ይህን ተክል አያድነውም፤ ያለ እሳት የታጠረ ቦታ ቀስ ብሎ የሚገድል ቦታ ነው።

ውኃውስ? የመንገዱን ዳር ተመልከቱ፦ ቀጥ ያለ ጥልቅ ቦይ፣ ከኋላው በመስመር የተተከለ ጥድ። ረግረጉን ለእንጨት ተክል ለማድረቅ የተቆፈረው ቦይ የከርሰ ምድሩን ውኃ ያወርደዋል። ፍላይትራፑ የቆመበት ጠርዝ የከፍታ ልዩነቱ ጥቂት አሥር ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ተክሉን ለማጥፋት ይህ ይበቃል። ቦዩ ሲደፈን ውኃው ይመለሳል፤ ተክሉ የሚመለሰው ግን ዘር የሚሰጥ በአቅራቢያው ከቀረ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍባቸው ሰርጦች ብዙ ጊዜ ያስደንቃሉ፤ በየጊዜው ስለሚታጨዱ ፀሐይ ያገኛሉ፣ ሳራሴኒያም ፍላይትራፕም ይገኝባቸዋል። እርጥበቱ በበዛበት ወቅት ከባድ ማሽን ከገባ፣ ወይም በማጨድ ፈንታ አረም ማጥፊያ ከተረጨ ግን በአንድ ጊዜ ያልቃል።

ከሰዓት በኋላ ክሮአታን ብሔራዊ ደን ይደረሳል። 160 ሺህ ኤከር ያህል የሆነ የፌዴራል ይዞታ ነው። በመንገድ 24 ዳር ያለው የፓትሲ ፖንድ መሄጃ በትንንሽ ኩሬዎች መሃል ያልፋል፤ በኩሬዎቹ ዳር ድሮሴራን፣ ውኃው ላይ ደግሞ ዩትሪኩላሪያን መፈለግ ነው። ኩሬው በዝናብ ብቻ ስለሚሞላ በድርቅ ዓመት ባዶ ሊሆን ይችላል። ውኃ አጠገብ ኮተንማውዝ የሚባል መርዘኛ እባብ ስላለ እጅን ወደማይታይበት ሣር መስደድ አይገባም።

ይህ ቀን ስለ ሕጉ ለማሰብም ይገፋፋል። በ2016 ሳይንቲስቶች ፍላይትራፕ በፌዴራሉ የመጥፋት አደጋ ያለባቸው ዝርያዎች ሕግ እንዲጠበቅ አቤቱታ አስገብተው ነበር። የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት በጁላይ 2023 መስፈርቱን አያሟላም ብሎ ወሰነ፤ ትልልቆቹ ስብስቦች በጥበቃ ሥር ባለ መሬት ላይ እንዳሉና መሬቱም በእሳት እንደሚያዝ ተመልክቶ ነው። ውሳኔውን «ተክሉ ደኅና ነው» ብሎ የሚያነበው ብዙ ነው። በእኛ ዓይን ግን ውሳኔው የቆመው በአንድ ሁኔታ ላይ ነው፦ ቃጠሎው ይቀጥላል በሚል። በጀት ከተቆረጠ ወይም ጎረቤት ጢሱን እምቢ ካለ መሠረቱ ይናጋል። ከሳራሴኒያ ዘመዶች ሦስቱ በዚሁ ሕግ ሥር የገቡት ቀድመው ነው፤ ኦሬዮፊላ በ1979፣ ጆንሲይ በ1988፣ አላባመንሲስ በ1989። የሁሉም ታሪክ አንድ ነው፤ ረግረጉ ደረቀ፣ እሳቱ ቆመ፣ የቀረውን ሰብሳቢ ነቀለው።

ቀን 5፦ መመለሻ፣ እና ተክል መግዛት ለሚፈልግ

ተክሉን ከወደዱት በሕጋዊ መንገድ ከችግኝ ጣቢያ መግዛት ይቻላል፤ በብልቃጥ ውስጥ በብዛት ስለሚራባ ዋጋውም ርካሽ ነው። ሻጩን «ከየት ነው» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በጣቢያ ያደገ ተክል እኩያ መጠን አለው፣ አፈሩም ንጹሕ ነው። በመንገድ ዳር በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጥ፣ ትልቅና ትንሽ የተደባለቀ፣ ሥሩ ላይ ጥቁር አሸዋና የዱር ሣር ያለበት ከሆነ መተው ይሻላል።

ቤት ውስጥ የሚገድሉት ነገሮች ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው የቧንቧ ውኃ ነው፤ የሟሟው ማዕድን ተጠራቅሞ ሥሩን ያቃጥላል። የዝናብ ወይም የተጣራ ውኃ ብቻ፣ ማሰሮው በተቀመጠበት ሰሐን ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል። ሁለተኛው አፈር ነው፤ ማዳበሪያ ያልተጨመረበት ፒት ሞስ ከታጠበ የሲሊካ አሸዋ ወይም ከፐርላይት ጋር እኩል በእኩል። የተለመደው የአበባ አፈር ማዳበሪያ ስላለበት በሳምንታት ይገድለዋል። ሦስተኛው ጥላ ነው፤ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥታ ፀሐይ ይፈልጋል። አራተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የብርድ ወቅት ዕረፍት ነው፤ ከኖቬምበር እስከ ፌብሯሪ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሆነ ቀዝቃዛ ቦታ ካላገኘ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ይደክምና ያልቃል። በዚያ ጊዜ ቅጠሉ ሲጠቁር ሞተ ብሎ መጣል አይገባም።

ወደ አዲስ አበባ ለዘመድ ሊወስድ ላሰበ፦ ፍላይትራፕ ሳይትስ በሚባለው፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። በችግኝ ጣቢያ ያደገ ሕያው ተክል እንኳ ድንበር ለመሻገር የሳይትስ ሰነድ፣ ከአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት፣ እንዲሁም ከሚገባበት አገር የዕፅዋት ኳራንቲን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ዘሩና በታሸገ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ችግኝ ከሳይትስ ሰነዱ ነፃ ናቸው፤ የዕፅዋት ጤና ወረቀቱ ግን ለእነሱም ያስፈልጋል። ሻንጣ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልሎ መውሰድ ተክሉንም ያስወርሳል፣ ተሸካሚውንም ያስቀጣል። ሰነዱን ለማግኘት ሳምንታት ስለሚፈጅ ማመልከቻው ከቲኬቱ በፊት ይግባ።